የኔታ የዓመቱን ጾም ሲያወጡ

የኔታ ወልደ ሥላሴ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ግሽ ዓባይ አካባቢ አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትንና የአጽዋማትን ስሌት አስተምረዋል። ባለቤታቸው ሲሞቱና ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ፍጹም ወደ ፍኖተ ሰላም አምጥቶ ከቤቱ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲህ አምስት ጳጉሜ አልፏል።

በመጡ በሳምንታቸው ምራታቸውን ውዳሴን ጠርተው፣ «ቁጭ ብዬ አልበላም። ምን ልሥራ?» አሏት።

ውዳሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። እንጨት ይፍለጡ አትላቸውም። ጥቂት አስባ፣ «የዓመቱን ጾም ያውጡልኝ» አለች።

የምሯን ነበር። የእሷና የባሏ ደመወዝ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ወሩ ግን ዐሥራ ሦስት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ ማንም በማይከፍልባቸው ቀናት፣ የመጪውን ዓመት ወጪ ታቅዳለች። በርበሬ በኅዳር ከቡሬ። ጤፍ በጥር ከዱርቤቴ፣ ከአውድማ ሲገባ። ሽንኩርት ከቆጋ። መንገድ ለሚዘጋበት ጊዜ የአንድ ወር ዱቄትና ዘይት። ይህን ያለ ማንም ርዳታ ታውቀዋለች። የማታውቀው ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ ደመወዝ በወጣ በስንተኛው ቀን እንደሚውል፣ የሰኔ ጾም ስንት ቀን እንደሚሆን ነው። የሰኔ ጾም አንዳንድ ዓመት ሁለት ሳምንት ነው፤ አንዳንድ ዓመት ከአርባ ቀን ያልፋል። ቅቤው፣ እንቁላሉና የፋሲካው በግ የሚታቀዱት በዚያ ነው።

ቀን መቁጠሪያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻል ነበር። በዚያ ቤት ግን መስከረም ሳይጠባ አይሰቀልም። ውዳሴ አትፈቅድም።

የኔታ በጣታቸው አንጓ ያሰላሉ። በአምስቱ ጳጉሜ አንድም ቀን አልሳቱም። እሳቸውም ይህን ሳይናገሩ አያልፉም። «የሳትሁ ዕለት ሰቀላ ካለችው እኅቴ ዘንድ ትወስዱኛላችሁ። ቁጥር የጠፋው ሽማግሌ የማንም ሸክም መሆን የለበትም» ይላሉ። ሲናገሩ አይስቁም።

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ሦስት ቀን ዝናቡ ሲያባራ ሦስቱም በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ።

«ነነዌ የካቲት ዘጠኝ። ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ስምንት። የሰኔ ጾም ሃያ ሰባት ቀን።»

ፍጹም ስልኩን አየ። ፋሲካን ሚያዝያ አራት ይላል። ለውዳሴ አሳያትና አፉን ሲከፍት፣ «ውሃ መጥቶ እንደሆነ እስቲ እየው፤ በርሜሉ ባዶ ነው» አለችው። እንደገባት ገባው፤ ተነሥቶ ሄደ።

ዝም ብትል፣ በዕንቁጣጣሽ ጧት ቤተ ክርስቲያን የዓመቱ አጽዋማት ሲታወጁ ሰው መካከል ቆመው ይሰሙታል። ብትነግራቸው ሰቀላ ናቸው።

«የኔታ፣ ዘንድሮ እኔ ላውጣው። አንቱ ይስሙኝ» አለች።

«አንቺ? የአንቺ ቁጥር በጠመኔ ነው።»

«በጠመኔም እስታለሁ። ይምሩኝ።»

ከዓመተ ዓለሙ፣ ከሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ጀመረች። ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈለች። ዐሥራ ሦስት ተረፈ።

«ከዚህስ?»

«አንዷን ጣይ።»

«ለምን ትጣላለች?»

«የምናወጣለት ዓመት መቼ አለቀና? ያልተፈጸመ ዓመት አይቆጠርም። ይህን ለስንቱ ተማሪ...» ብለው አቆሙ። አውራ ጣታቸው አንጓው ላይ ቀረ።

«ቅድም ጥያታለሁ?»

«አልጣሏትም።»

«ስንት ቀን ሄደ?»

«ሁለት ሳምንት። ፋሲካ ሚያዝያ አራት ነው። የሰኔ ጾምም አርባ አንድ ቀን።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ፍጹም ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። «ቃሌን ሰምታችኋል። መንገዱ ሲከፈት ለሾፌር ንገሩልኝ» አሉ።

«የሰቀላ መኪና በዕቅዱ የለም» አለች ውዳሴ።

«ጾሙ ረዘመ አይደል? ቅቤ ይተርፍሻል። ከዚያ ቀንሺ።»

«የቅቤው ብር ለበጉ ሄደ። ፋሲካ ደመወዝ በወጣ በአራተኛው ቀን ከዋለ በግ ይወደዳል።»

ውዳሴ አልለመነቻቸውም። «እንግዲያው የ2019ን ብቻዬን ላውጣና ሳይሄዱ ይስሙኝ። ከርሞም ጳጉሜ አለ» ብላ ወረቀት አመጣች። በትክክል ልትሠራው አስባ ነበር። ብዙ አልቆየችም።

«ነነዌ ጥር ዐሥር» አለች።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ጥር ስንት?»

«ዐሥር።»

«ሦስት ቀን አይደለች ነነዌ? ጥምቀትንም ቃና ዘገሊላንም ልታስጾሚን ነው?»

ፍጹም ሳቀ። ውዳሴ ግን ወረቀቷን ታያለች። የት እንደሳተች አላወቀችም።

«ነነዌ ከጥር ዐሥራ ሰባት ወርዳ አታውቅም» አሉ የኔታ። «መጥቅዕ፣ ነነዌ የምትወጣበት ቁጥር፣ ስንት ወጣልሽ?»

«ሰባት።»

«ከዐሥራ አራት ካነሰ ጥቅምት ላይ ነው የሚውለው። አንቺ መስከረም ላይ አዋልሽው።»

«አላስተማሩኝማ።»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ የሽንኩርት ዋጋ ስታወሪ።»

«አባዬ፣ ለሾፌሩ ምን ልበለው?» አለ ፍጹም።

«ምን ትለዋለህ? ይችን እንዲህ ጥያት ልሂድ?» አሉት። ቀጥለው ወደ ውዳሴ ዞሩ። «ወረቀቱን አስቀምጪ። በአንጓ ነው። ከዓመተ ዓለሙ ጀምሪ።»

ወረቀቱን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። የኔታ የሌባ ጣቷን የመጀመሪያ አንጓ ፈልገው ያዙት።