አግላያ የቅዳሴውን ኅብስት መጋገር የተወች ጊዜ

ከሱቻቫ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን የቅዳሴውን ኅብስት የምትጋግረው መበለት ናት። ባል ያላት ሴት አትነካውም፤ መበለቲቱም ወንድ ካወቀች የኅብስቱን ማኅተም ለቤተ ክርስቲያን ትመልሳለች። አግላያ ያንን መስቀል የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ለዓመታት ስትይዝ ማንም በክፉ አንስቷት አያውቅም።

ባሏ ቶአደር ጫካ ውስጥ ግንድ ወድቆበት ከሞተ ወዲህ እግዚአብሔርን ከልቧ ፈለገችው። ለወግ አልነበረም። ዳዊት ደገመች፣ ጾመች፣ በእግሯ ገዳም ለገዳም ዞረች። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ «ጠብቂ፣ ይመጣል» ስላሏት ሊጡን እያሸች ስትጸልይ ትጠብቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ፣ የሚሰማት እንደሌለ ታወቃት። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። መጠበቁ ራሱ ከውስጧ አልቆ ነበር። ኅብስቱን እንደ ልማዷ ጋገረች፤ ማኅተሙን ሊጡ ላይ ስትጫን ግን በሐሰት የምትምል መሰላት።

በማግስቱ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልላ ለአባ ቪሳሪዮን ሰጠቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አልችልም አባ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።» ምክንያቱን ሳትነግራቸው ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተዛመተ። ጣሪያዋን የጠገነላት ንብ አናቢው ጋቭሪል ተጠረጠረ፤ እሱም ሚስቱ የሞተችበት ነው።

«እኛ ደግሞ ለጣሪያው መስሎን!» ትላለች አንዷ ጉድጓዱ ዳር ውኃ ስትቀዳ።

«እቴ፣ የኔም ያፈሳል፤ ስትጨርሺ ላኪልኝ በሏት!» ትላለች ሌላዋ።

የቶአደር ታላቅ እህት ሳቬታ አላስቻላትም፤ መጣች።

«የወንድሜን ስም እንዲህ ታዋርጂው? ጋቭሪል ነው?»

«ጋቭሪል ጣሪያ ነው የሠራው፣ እትዬ ሳቬታ።»

«ታዲያ ማነው?»

«ማንም። እምነቴ ነው የጠፋው። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ሳላምን እንዴት ልጋግረው?»

ሳቬታ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። «ወንድ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች። «ለወንዱስ ንስሐ አለው። ስሚኝ አግላያዬ፣ ጋቭሪል ነው እንበል። ያገባሻል፣ ወሬውም ይረሳል። ይሄኛውን ከሰሙ ግን ከቶአደር ጎን አያስቀብሩሽም።»

አግላያ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሙታን ይነሣሉ ብላ ማመን ትታለች፤ ከቶአደር ጎን መተኛትን ግን አሁንም ትመኛለች። ለምን እንደሆነ ለራሷም መንገር አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ጋቭሪልን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከበው ይቀልዱበት ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። የሟች ሚስቱ እናት ራቅ ብላ ቆማ ታለቅሳለች። ሳቬታ አጠገቧ የቆመችውን የአግላያን ክንድ ጨመቅ አደረገች።

«ዝም በይ፣ በቶአደር አጥንት!»

አግላያ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ሰውዬውን ተዉት» አለች። «ጣሪያዬን ከመሥራት በቀር ያደረገው የለም። ማኅተሙን የመለስሁት ማመን ስላቃተኝ ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። አንዷ አማተበች። አግላያ በሩ ላይ ወደቆሙት ወደ አባ ቪሳሪዮን ዞረች።

«አባ፣ ከቶአደር ጎን ያለውን ቦታ ይከለክሉኝ ይሆን?»

አባ ቪሳሪዮን መሬት መሬት አዩ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ።

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። እሷም ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች፤ ሳቬታ ትንሽ ቆይታ፣ ሳትደርስባትም ሳትመለስም፣ ከኋላዋ ተከተለቻት።