ዳኛዋ ዋስ ስትፈልግ

ሀረገወይን የመኪና ወንበር ታለብሳለች። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ የሚሠሩ ሾፌሮች ተሳፋሪ የቀደደባቸውን ወንበር ፈትተው ካስትሮ ቫሊ፣ ጋራዧ ድረስ ያመጡላታል። ስፖንጁን ትቀይራለች፣ ቆዳውን ትለካለች፣ ሰው ሲቀመጥበት እንዳይተረተር ስፌቱን ድርብ ታደርገዋለች። ደንበኞቿ ግን በስሟ አይጠሯትም፤ «ዳኛ» ነው የሚሏት። የእቁባቸው ዳኛ ናት። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ከእሷ እጅ አንድ ዶላር አይወጣም።

ክሬዲት ካርድ ኖሯት አያውቅም። ባንኮች «ካርድ እንስጥሽ» እያሉ በፖስታ ሲለማመጧት፣ ፖስታውን ሳትከፍት በቆዳ መቀሷ ለሁለት ትከፍለዋለች። መኪናዋ በካሽ፣ የስፌት ማሽኗም በካሽ። የእቁቡ አባል ክብሮም ቦርሳው በካርድ ተወጥሮ ብቅ ሲል «የካርድ ሎሌ መጣ!» ትለዋለች።

ዘንድሮ ጎረቤቶቿ በምትሠራበት የአየር ኮምፕሬሰር ጩኸት ተማረሩ፤ ከጋራዡ መውጣቷ የግድ ሆነ። ደግነቱ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ፣ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር ያለው ሱቅ ለኪራይ ወጣ። አይታው በመጣች ማግስት ጠረጴዛዋን የት እንደምታቆም፣ የቆዳ ጥቅሉን የት እንደምትሰቅል ወስና ጨርሳ ነበር።

በዚያው ሳምንት ልጇ ሶልያና ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ መጣች።

«ማሚ፣ ሐሙስ ሚቲንግ አለ። የፐርሰናል ፋይናንስ ክላሱን ለሁሉም ተማሪ ግዴታ እናድርገው ወይ ብለው ወላጆችን ሊጠይቁ ነው። ፕሊስ ነይ።»

«እመጣለሁ። መጥቼም አይሁን እላለሁ። ገንዘብ አያያዝ ለመማር ትምህርት ቤት? ታዲያ እናትሽ ምን ልትሠራ ነው የተቀመጠችው? ይልቅ ኬሚስትሪሽን አጥኚ።»

«ስለ ክሬዲት አስተምረሽኝ አታውቂም።»

«ክሬዲት ማለት ዱቤ ነው። ዱቤ እንዳትወስጂ። ይኸው፣ አስተማርኩሽ፤ ክላሱ አለቀ።»

ረቡዕ ከሰዓት የሱቁ ባለቤት ደወለ። የክሬዲት ሪፖርትሽ ባዶ ነው፣ ክሬዲት ሂስትሪ፣ ተበድሮ የመክፈል ታሪክ፣ የለሽም አላት።

«እኮ! ዕዳ የለብኝም ማለት ነው» አለች ኩራት ኩራት እያላት።

«አይደለም፤ ማን እንደሆንሽ የሚነግረኝ የለም ማለት ነው። ኮሳይነር፣ አብሮሽ የሚፈርም ሰው አምጪ። እስከ ዓርብ ካልመጣሽ ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ስልኩን ዘጋችና መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሶልያና የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ማሚ፣ አንድ የማታውቂው ሰው እቁባችሁ ውስጥ ልግባ ቢልሽ ታስገቢዋለሽ?»

«ምን ሲደረግ! ማን ያውቀዋል?»

«ብዙ ካሽ ቢያሳይሽስ?»

«ቢያሳየኝስ? ዛሬ አለው፣ ነገ ይኖረዋል? ሲከፍል የኖረ መሆኑን ያየ ሰው ይምጣና ዋስ...»

ሶልያና እጇን አጣምራ ታያታለች፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ አለ።

«ይኼን ክላስ ላይ ነው ያስተማሩሽ?»

«ክሬዲቱን ክላስ ላይ። እቁቡን ካንቺ ነው የተማርኩት።»

ክብሮም ጋ ለመደወል ጓዳ ገባች፤ ልጇ እንዳትሰማት ነበር፣ ግን የክብሮም ሳቅ በስልኩ ውስጥ አልፎ ሳሎን ደረሰ።

«ዳኛዬ! ባለፈው ዕጣ ሲወጣልኝ ስንት ዋስ አስጠራሽኝ?»

«ሁለት።»

«አንዱንማ ፊቱ አላማረኝም ብለሽ መለስሽው!»

«ፊቱስ እውነትም አያምርም ነበር። አሁን ትፈርማለህ አትፈርምም?»

«እፈርማለሁ እንጂ። የካርድ ሎሌው ለዳኛዋ ደረሰላት! የመኪናዬን የኋላ ወንበር ግን በነጻ ታለብሺልኛለሽ።»

«የፊቱን ብቻ።»

«ተስማማን።»

ሐሙስ ስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው፣ ትምህርት ቤት በማያገባው አይግባ አሉ። ቃል በቃል የእሷ ንግግር ነበር። ሀረገወይን እጇን አወጣች።

«እኔም እንደ እርስዎ ልናገር ነበር ሐሳቤ። ልጄን እቤት አስተምሬያለሁ፤ መቆጠብ፣ ቃል ማክበር። የማላውቀውን የክሬዲት ነገር ግን ከየት አምጥቼ ላስተምራት? አንድ ሱቅ በዚሁ ሊያመልጠኝ ነው። ክላሱ በምርጫ ከሆነ የሚገባው ቤተሰቡ የሚያውቅለት ልጅ ነው፤ እንደ እኔ ዓይነት ቤት ያደገው ግን እንደሚያስፈልገውም አያውቅም። ስለዚህ ለሁሉም ይሁን።» ልትቀመጥ ብላ ተመለሰች። «ኬሚስትሪው ግን እንዳይነካ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሶልያና ፊቷን በሹራቧ ቆብ ሸፈነች። እጅ ሲወጣ ይሁን ያለው በዛ፤ ተቃዋሚው አባትም ሲወጡ ሶፋቸውን ለማልበስ ስንት እንደምታስከፍል ጠየቋት።

ዓርብ ጠዋት ክብሮም ከሳን ሆዜ ትራፊኩን እየረገመ ደርሶ ፈረመ፤ ቁልፉን ግን መጀመሪያ እሱ ተቀብሎ «ዋስሽ ማነው?» እያለ አስለመናት።

ሱቁ ከተከፈተ በኋላ አንድ ፖስታ መጣ። በሶልያና ምክር፣ የራሷን ገንዘብ ባንክ አስይዛ የጠየቀችው ካርድ ነበር። ሀረገወይን የቆዳ መቀሷን አነሣች።

«ማሚ፣ ኖ!»

«ዝም በይ እስቲ» አለችና የፖስታውን ጠርዝ ብቻ፣ ውድ ቆዳ እንደምትቆርጥ ተጠንቅቃ ቀደደችው። «በዚህ የምገዛው ክር ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ካልከፈልኩ አንቺው ትጮሂብኛለሽ።»

«ለዚህስ ዋስሽ ማነው?»

«አሁንማ ራሴን እየጠራሁ ነው» አለችና ወደ ክብሮም የፊት ወንበር ተመለሰች።