ምላጭ የከተማውን እንስሳት የፈጀችበት ቀን

በእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ የምላጭን ምላስ ያልቀመሰ ሠራተኛ የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት መርፌ ወጊው ነው፤ እሷም አልተቀየመችም፣ እንዲያውም ደስ ብሏታል። ሥራዋ ዳታቤዝ ነው፦ ማን የቱን እንስሳ አመጣ፣ ምን አመመው፣ ምን ተከተበ።

ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ሠንጠረዥ ጠቅጥቆት ሄደ። ሦስት ውሻ ያለው ሰው ስልኩ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ቁጥር ሲቀይር አንዱ ጋ ይታረማል፣ ሌሎቹ ጋ የድሮው ይቀራል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ውሾቹ ደግሞ የሚለዩት በስማቸው ነበር። የከተማው ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው! አንዱ ቡቺ ሲኮላሽ ሌላው ቡቺ ላይ ይጻፋል፤ ተኮላሸ የተባለው ውሻ ባለቤት ግን ውሻው ያስወለደውን የሰፈር ቡችላ ታቅፎ ለክትባት ይመጣል።

ምላጭ ለባለቤቶች አንድ፣ ለእንስሳት አንድ፣ ለሕክምናው አንድ ሠንጠረዥ አበጀች። ለእያንዳንዱ ነፍስ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጥታ ሠንጠረዦቹን በቁጥሩ አያያዘቻቸው።

«ድሮ እኮ ሁሉም ባንድ ላይ ይታየኝ ነበር» አለ ዋናው ሐኪም እየተነጫነጨ።

«ሽንት ቤቱም ወጥ ቤት ውስጥ ቢሠራ ባንድ ላይ ይታይዎት ነበር፣ ዶክተር። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚጻፈው። ባንድ ላይ ማየት ሲያምርዎት ይንገሩኝ፣ አገጣጥሜ አሳይዎታለሁ።»

አፏ እንዲህ የሰላ ሴት ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጉድ ሠራች። አንዲት ያረጀች በቀቀን ሞታ ነበርና መመዝገብ ነበረባት። ትእዛዙን እየጻፈች ከመርፌ ወጊው ጋር ስለ መስኮት ትነታረካለች፤ ይከፈት፣ ይዘጋ። «ሁኔታውን ‹ሞቷል› በል» ብላ ጻፈችና፣ «መለያ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ብቻ» የምትለዋን መስመር ሳትጨምር አስገባችው። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ሰው «የትኛውን?» ብሎ አይጠይቅም። ውሻ፣ ድመት፣ ፍየል፣ በቅሎ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ፈጃቸው። ይባስ ብሎ፣ እንስሳ በሞተ ቁጥር ለባለቤቱ የሐዘን መልእክት በስልክ በራሱ እንዲላክ ያደረገችው ራሷ ነበረች።

መጀመሪያ የደወሉት አማቷ ናቸው።

«ልጄ፣ በድመትዎ ሞት አዝነናል ይለኛል። እሷ ጭኔ ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች። ወይስ የሞትኩት እኔ ነኝ?»

«ኧረ እማማ፣ ሁለታችሁም አላችሁ! ስሕተት ነው!»

«እንግዲያው ቶሎ አስነሺያት፤ እኔ ከሙት ጋር አላድርም» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

ወዲያው ግቢው ሞላ። አንዱ «ይሄ ታዲያ ማነው?» እያለ ፍየሉን በቀንዱ ጎትቶ ገባ። ዋናው ሐኪም ፊቱ ገርጥቶ ወጣ።

«ያከምኳቸው ሁሉ ሞቱ?»

ሌላ ቀን ቢሆን «ከወትሮው ብዙም አይርቅ» ባለችው። ያን ዕለት ግን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

መልእክቱን አስቆመች። ደግነቱ ማለዳ የተወሰደ የዳታቤዙ ቅጂ ነበራት።

«ቅጂውን በላዩ ላይ መልሺው!» አላት ሐኪሙ።

«ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት ይጠፋሉ» አለችና ቅጂውን ለብቻው ከፍታ፣ በመለያ ቁጥሩ እያስተያየች፣ ማን እንዳለና ማን እንደሞተ የሚለውን ዓምድ ብቻ መለሰች። ከማለዳ ወዲህ የመጡት ቅጂው ውስጥ የሉም፤ እነሱ ግን ኮሪደሩ ላይ እየጮሁ ስለነበር በሕይወት መኖራቸው አላጠራጠረም።

ከዚያ ወዲህ ምላጭ ማንኛውንም ነገር ከመለወጧ በፊት በዚያችው «ይህን ብቻ» በምትለው መስመር እነማን እንደሚነኩ አስቀድማ ታያለች፤ አንዲት በቀቀን ጠብቃ መንጋ ከመጣባት እጇን ትሰበስባለች። ለውጡንም ቢሆን አይታ «ይጽና» እስክትለው ድረስ ወደኋላ የሚመለስ አድርጋ ነው የምትጀምረው። መርፌ ወጊው ስትጽፍ እንዳያናግራት ተከልክሏል።

ከጥገናው ሁሉ የከበዳት ግን ደውሎ ይቅርታ መጠየቁ ነበር፤ አልለመደችውም። ገሚሱ ሳቀባት፣ ገሚሱ ሰደባት። አንድ ሽማግሌ ግን ከየት እንደደወለች ሲሰሙ ነገሯን ሳትጨርስ አቋረጧት።

«ልጄ፣ የኔ ውሻ እኮ የሞተው ካቻምና ነው። ያኔ ‹እግዜር ያጥናዎ› ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። መልእክታችሁ ሲደርሰኝ፣ ዘግይተውም ቢሆን አሰቡኝ አልኩ።»

ምላጭ ስሕተት መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ምን ዓይነት ውሻ ነበር፣ አባባ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማውራት ጀመሩ።