ለጠና ድህነት የተገኙ ሦስት ምስክሮች

ጠና ባለጋሪ ነበረ፤ ተቀምጦ ያየው ሰውም ጥቂት ነው። ቆጮውን እንኳ ከጋሪው ጎን ቆሞ፣ የፈረሱን ልጓም በአንድ እጁ እንደያዘ ይጎርሰው ነበር። በሌሞ የኛ መንደር ሰዎች፣ «ጠናን ለማነጋገር የሚፈልግ ሰው ፈረስ ይኑረው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አባቱ ትልቅ ሰው ነበሩ። በሀዲያ ደንብ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው አገሩን ጠርቶ ይደግሳል፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ስሙ በክብር ይጠራል። የጠና አባት ያንን ድግስ ደግሰዋል። በዕለቱ የያዙት ዘንግ በልጃቸው ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ከብቱን ግን ከፊሉን በሽታ ፈጀው፣ ከፊሉም በጥሎሽ ሄደ፣ የቀረውን ዘመን በላው። ለጠና የተረፈው ዘንጉና ዳማ የሚባለው ፈረሱ ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን ከፍሎ ለመታከም አቅም ያጣ ሰው ከገበሬ ማኅበሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት ያጽፍ ነበር። ሦስት ሰዎች በጉባኤ ፊት ተነሥተው ድህነቱን ይመሰክራሉ፣ ሊቀ መንበሩ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን መያዝ አንድ ነገር፣ የሚቀበለውን ሐኪም ማግኘት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አንዱ «መድኃኒት አልቋል» ይላል፤ ሁለተኛው «ሐሙስ ተመለሱ» ይላል። የማን በር በየትኛው ቀን እንደሚከፈት አጥርቶ የሚያውቀው ጠና ነበር፤ ታማሚ ሲያመላልስ ኖሯልና።

«ጠና፣ ዛሬ ወደ ማን ነው?» ትለዋለች ጎረቤቱ ሰፊያ በገበያ ቀን፣ ጉልበቷን ይዛ።

«ወደ ዳምቦያ፣ ወደ ኤሊያስ። ወረቀትሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። አንተ ግን ቀስ ብለህ ንዳ። ባለፈው ጉልበቴን ላሳክም ወጥቼ ወገቤን ታምሜ ተመለስሁ።»

ኤሊያስ በማዕረጉ የጤና ረዳት ቢሆንም አገሬው ሐኪም እያለ ይጠራው ነበር። ታማሚውን በቤተሰቡ ያውቀዋል፤ «የእናትሽ ሳል እንዴት ሆነ?» ሳይል መርፌ አያነሣም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት መልሶም አያውቅም። አውራጃው አንድ ስለ ነበረ የሌሞ ማኅተም በዳምቦያ ይሠራ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የጠና ሚስት አስናቀች ሳል ያዛት። ከጥቂት ቀን በኋላም ከአክታዋ ጋር ደም ወጣ። ለሰው ሁሉ ሲሮጥ የኖረው ጠና በራሱ ቤት እግሩ ታሰረ። ወረቀት አጽፍ እንዳይል አፈረ፤ ዝም እንዳይል ደሙን አይቷል። በመጨረሻ ጋሪው ላይ ሣር ጎዝጉዞ አስተኛትና ወደ ሆሳዕና ገሰገሠ። በዚያ የነጻ ታማሚ ይቀበል የነበረው ሐኪም ወደ ዘመቻ መሄዱን ነገሩት። ጠና ከጋሪው ሳይወርድ ፈረሱን ወደ ዳምቦያ አዞረ።

ኤሊያስ ጀርባዋን አንኳኩቶ አዳመጠ፤ ከዚያም ባልየውን ወደ ውጭ ጠራው።

«ጋሽ ጠና፣ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ያስፈልጋታል። ካቋረጠች ባትጀምረው ይሻላት ነበር። ወረቀቱስ?»

«ለሰው ሳስጽፍ ኖሬ ለራሴ ረሳሁት።»

«አይቀለድም። መድኃኒቱ የመንግሥት ነው፤ ያለ ማኅተም ከሣጥኑ ባወጣ እኔም እጠየቃለሁ። ከሌላ ታማሚ የተረፈ አለኝ፤ እስከ ማክሰኞ ያደርሳታል። ከማክሰኞ አታሳልፍ።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጠና ሚስቱን ዳምቦያ በምትኖረው በእኅቷ በዓለሚቱ ቤት ትቶ ተመለሰ።

የማኅበሩ ስብሰባ እንደ ልማዱ እሑድ ጠዋት፣ በጸሎት ሰዓት ተጠራ። ከዝግባው ሥር ተቀመጥን። ሊቀ መንበሩ ጓድ አክሊሉ ጥያቄውን አነበበና፣ «አቅም እንደሌለው የሚመሰክር ይነሣ» አለ።

ማንም አልተነሣም። ባለ መቶ የነበረን ሰው ልጅ በጉባኤ ፊት ደሃ ብሎ መጥራት በመቃብር ያለውን አባት መስደብ ነው፤ ስድቡም በተናጋሪው ቤት ላይ ይመለሳል ተብሎ ይፈራል። በመጨረሻ ጋሽ ወንዳፈረው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የመንደሩ ታላቅ ሰው ናቸውና ልባችን ዐረፈ።

«እኔ የማውቀውን እናገራለሁ» አሉ። «የዚህ ልጅ አባት ከብት ውሃ ሲወርድ ወንዙ ይጎድል ነበር። የዚያ ቤት ቅቤ ያልነካው ራስ በዚህ መካከል የለም። ሌላ አላውቅም።» ተቀመጡ።

«ታዲያ ሀብታም ነው ብዬ ልጻፍ?» አለ አክሊሉ።

«ልጄ፣ የጨዋ ልጅ ነው ብለህ ጻፍ።»

«የጨዋ ልጅ የሚባል መርፌ አለ እንዴ?» ብላ ሰፊያ ከኋላ ጮኸች። የሳቀ ነበረ። ምስክር ግን ሳይገኝ ጉባኤው ተበተነ።

ከቀትር በኋላ ጠና በየደጁ ዞረ። የመንደራችን ጠባይ ያን ቀን ጎልቶ ታየ። በየገባበት ቤት ከፍ ያለው በርጩማ ይቀርብለታል፣ ወተት ይቀዳለታል፣ ያባቱ ስም ይወደሳል። ቆሞ፣ «ነገ ትመሰክርልኛለህ?» ሲል ግን ሁሉም ወደ ምድር ያያል። ወደ እኔም መጣ። እኔም ወተት አቀረብሁለት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎነጭ ወጣ። በጓሮው መንገድ ሲመላለስ፣ ፈረሱን ሲጭን፣ መልሶ ሲያራግፍ እስኪመሽ አየሁት።

ሰኞ ማለዳ አክሊሉን ለምኖ ጉባኤውን አስጠራ፤ የአባቱንም ዘንግ ከምሰሶው አውርዶ መጣ። በመካከላችን ቆሞ ዘንጉን በጋሽ ወንዳፈረው ጉልበት ላይ አስቀመጠ።

«አባቴ ባለ መቶ ነበር» አለ። «እኔ ባለ አንድ ነኝ፤ እርሱም ፈረስ ነው። ነገ መርፌው ከተቋረጠ አስናቀች ትሞታለች። ይህ የአባቴ ክብር ነው፤ ያዙልኝ። እርሱ በእጄ በሌለበት ሰዓት የምትሉኝ ሁሉ እኔን ብቻ ይነካል። ደሃ በሉኝ።»

ጋሽ ወንዳፈረው ዘንጉን እንደ ሕፃን አቅፈው ተነሡ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው፣ «ደሃ ነው» አሉ። ከፊት የነበርን ብቻ ሰማን።

«ጮክ ይበሉ፣ አባባ» አለ አክሊሉ።

«ደሃ ነው አልሁ! እንግዲህ ሰማህ!»

ሰፊያ ተከተለች። «ደሃ ነው፣ ደሃ ነው። ሁለቴ ብዬዋለሁና ለሁለት ሰው ይቆጠርልኝ።»

«አንድ ሰው አንድ ነው» አለ አክሊሉ።

ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ስለ ነበር አክሊሉ ደጋግሞ ተነፈሰበት። ጠና ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ወጣ፤ ዘንጉንም ሳይጠይቅ ሄደ።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ኤሊያስ ወረቀቱን ተቀበለው። አስናቀችም በእኅቷ ቤት ሆና በየቀኑ ትወጋ ጀመር።

በእነዚያ ሁለት ወራት በመንደሩ አንድ ነገር ሆነ። ጋሽ ወንዳፈረው የጋሪውን ድምፅ ሲሰሙ ወደ እንሰቱ መካከል ይገባሉ። ሰፊያ በጋሪው መሳፈሩን ትታ፣ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች በእግሯ መሄድ ጀመረች። እኔም መንገድ እቀይር ነበር። ጠና ይህን አየና ናቁኝ አለ። ያን ጊዜ ያደረበትን ጭንቀት ለኤሊያስ መንገሩን በኋላ ሰማሁ።

«ስሜን በማኅተም ለወጥሁት» አለው።

«ስለ ስምህ የማውቀው የለም» አለ ኤሊያስ። «የሚስትህ ሳንባ ግን እየጠራ ነው።»

በታኅሣሥ፣ ስንዴው በሚታጨድበት ሳምንት፣ አስናቀች በራሷ እግር ከጋሪው ወረደች። በዚያው ቀን ወደ ማታ ሦስታችን ወደ ቤታቸው ሄድን። ጋሽ ወንዳፈረውና እኔ በትከሻችን ድንጋይ ተሸክመናል፤ ሰፊያ ዘንጉን በነጠላ ጠቅልላ ትከተለናለች። ጠና ፈረሱን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ሲያየን ቀጥ አለ።

«ምን ሆናችኋል?»

«ሰድበንሃል» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው። «ዐይንህን ማየት አቅቶን ነበር። እርሷ በደኅና እስክትገባ ጠበቅን። ማረን።»

«እኔ አይደለሁም እንዴ ያዘዝኋችሁ?»

«ብታዝዘንም ሰድበንሃል።»

አስናቀች ከደጃፉ፣ «እባክህ ማርሁ በላቸው!» አለችው። «በስድባቸው ድኜ ስገባ ሽማግሌው በድንጋዩ ሊሞቱ ነው።»

«ማርሁ» አለ ጠና። ዘንጉን ከሰፊያ ተቀብሎ ለአስናቀች ሰጣት። ከዚያም ድንጋዩን ከሽማግሌው ትከሻ በሁለት እጁ አወረደና የሚያኖርበትን ሲፈልግ ቆየ። ጋሪው በተዳፋቱ ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወሸቀው፤ የእኔንም ከትከሻዬ ተቀብሎ በሌላው ጎማ ሥር አደረገው። ጋሪው ቆመ። ጠናም ዳማን ፈታና በጋሪው ጠርዝ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።