በሬዬ ካርታ የተባለ ዕለት

የታሰርኩት በሬ ፍለጋ ወጥቼ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ማሽላው ሊያሽት ሲል ነበር። ታጣቂዎች ከተማችንን መርሳን ከያዙ ሰንበትበት ብለዋል። ተኩሱ ሲበረታ በሬዬ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ወጥቼ ቁልቁል ስቃኝ ከኋላዬ ደረሱ።

«ምን ታያለህ?»

«በሬ።»

አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምን ይሆናል፤ እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ፊት ለፊት የማየው የእነሱን መኪኖች ነበር።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ስለዚህ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማንን ማዳበሪያው እንዳስለቀሰው አይለይም። እሱም አንድ ነገር ነው።

ከእኛ ጋር ወልድያ ሥዕል የሚያስተምር መምህር ታስሯል። አንድ ቀን ጠባቂዎቹ ሻይ ካፈሉበት ከሰል ለመነና «ኤግዚቢሽን እንከፍታለን» አለ።

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«ሰው የተበደለውን ግድግዳ ላይ ይሥላል፤ ሌላው እየዞረ ያያል። ልብ ይሽራል አባባ። አንቱም ይሣሉ። ጦርነቱ ምን ወሰደብዎት?»

«በሬ።»

«በቃ፣ እሱን ይሣሉ።»

ከሞፈር በቀር እጄ የለመደው ነገር የለም። ቢሆንም ሣልኩት። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ስለሆነ ነጠብጣቡን አበዛሁ። ሻኛውን ከፍ፣ ጭራውን ረዘም አደረግሁ። አንድ ቀንዱ ቁልቁል የተቆለመመ ነው፤ እሱንም አልተውኩም። እግሩ ላይ ስደርስ ከሰሉ አለቀ።

ጠዋት ጠባቂው ቂጣ ይዞ ሲገባ ግድግዳውን አየና ከነቂጣው ተመለሰ። አለቃውን ይዞ መጣ።

«ይህን ካርታ ማን ሣለው?»

ሰላይ የተባለ ሰው በመኪና ይወሰዳል፤ የተመለሰ አላየንም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን በሬ ነው።»

«በሬ!» አለና ሻኛውን በዱላ ነካ። «ይሄ ተራራው። ይሄ» አለ ጭራውን እየነካ፣ «ወደ ሲሪንቃ የሚወስደው መንገድ። ነጠብጣቦቹ ደግሞ ምሽጎቻችን! አንድም አልቀረህ!»

መምህሩ ሊያድነኝ ተነሣ። «ጌታው፣ በሬ ብቻ እኮ አይደለም። በውስጡ የሕዝቡ በደል...»

«መምህር፣ በእናትህ ቁጭ በል» አልኩት። «ምንም የለበትም። በሬ ብቻ ነው።»

«በሬ ከሆነ እግሩ የታለ?» አለ አለቃው።

«ከሰል አለቀብኝ።»

አንዱ እስረኛ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም። አለቃው «ተነሥ» ብሎ ትከሻዬን ያዘ። ይሄኔ ጠባቂው ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ቀንዱን አየ። እኔን አየ። እንደገና ቀንዱን አየ።

«አለቃ... እውነቱን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀንዱ እኮ... ያ የሰኞው ነው።»

ሰኞ የሥጋ ሽታ መጋዘኑ ድረስ መጥቶልን፣ ቀኑን ሙሉ ምራቃችንን ስንውጥ ውለናል። እኔም ከሌላው ጋር አብሬ ውጫለሁ።

አለቃው ትከሻዬን ለቀቀ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ከሰል ስጠው። እግር ያድርግለት። ከሥሩም በሬ ብሎ ይጻፍ፣ ሰው እንዳይሳሳት» አለ።

መምህሩ «እኔ ልጻፍልዎት» ሲለኝ እምቢ አልኩ። አራቱንም እግር ሣልኩ፤ አልቸኮልኩም። ከሥሩ «የኔ በሬ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ እንደ ሰካራም ተንጋዷል፤ ግን ይነበባል።

«በሬ ብቻ ይጻፍ አልነበረም ያልኩት?» አለ አለቃው።

«በሬማ ብዙ ነው ጌታው። ይሄ የኔ ነው።»

አለቃው ፊደሉን እስኪበቃው አየ። ከዚያ ጠባቂውን «ምን ትገተራለህ? ቂጣውን ስጣቸው!» ብሎ ጮኸበትና ወጣ።

ታጣቂዎቹ ከተማውን ሲለቁ እኛም ወጣን።

በቅርቡ መምህሩ ወልድያ ውስጥ ስለ ፍትሕና ስለ መሻር ኤግዚቢሽን ከፍቶ ጠራኝ። በሬዬን በሸራ ላይ ሥሎታል። ከእኔው ወረዳ ከሐብሩ የመጣች አንዲት ሴት ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመችና፣ ማንም ሳይጠይቃት «የኛዪቱ ቀይ ነበረች» አለች።

«ላም ናት?» አልኳት።

«ላም ናት አባባ። ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አላት።»

ከኋላዋ አንድ ሰው ስለ በቅሎው ጀመረ። ሌላው ስለ በጎቹ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ የከብት ገበያ መሰለ።

የወሰዱብንን እስካሁን የመለሰልን የለም። ግን የዚያች ሴት ላም ቀይ እንደነበረች፣ ግንባሯም ላይ ቦቃ እንዳላት፣ አሁን እኔም አውቃለሁ።