ቁርስ የማይቀምሱት የቁርስ ቤት ባለቤት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ያሳዩኝ ሚዛኑን ነበር። ቦሌ፣ ከቤታቸው ጓሮ በከፈቱት ጂም የሴቶቹን የረፋድ ክፍል እንዳሠለጥን ቀጥረውኛል። ማሽን የሚባል ነገር የለም። ክብደቶቹን ራሳቸው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ ሁለት ሁለቱን በቧንቧ አያይዘው ሠርተዋቸዋል።

"ሰኞ ሰኞ ትመዝኛለሽ" አሉኝ። "ያልቀነሰች ካለች አፏን ትዝጋ በያት። ሌላ ጥበብ የለውም።"

የተማርኩት ስፖርት ነው፤ ጥበቡ ይህ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አዲስ ሠራተኛ ነኝና ሚዛኑን ተረከብኩ።

እትዬ ሰአዳ ቦሌ ሚካኤል ቁርስ ቤት የነበራቸው የወሎ ሴት ናቸው። ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም ስለነበረባቸው፣ ሐኪም ክብደት ካልቀነሱ ያሰጋዎታል ብሏቸው ነው ወደ እኛ የመጡት። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ለታክሲ ሾፌሮችና ለረዳቶች ፉል ያቀርባሉ፤ ሰዉ ሲያልቅ ወደ ጂም ይመጣሉ። ማሟሟቂያውን እንኳ ሳንጨርስ ዓይናቸው ይጨልምና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ።

"ምን ይበላሉ?" አልኳቸው።

"ምንም። እስከ ማታ ውሃና ሻይ ነው።"

"ማታስ?"

ሳቅ አሉ። "ማታማ ቀኑን ሙሉ የቀረብኝን ነው የምበላው።"

ከነገ ጀምሮ ከራሳቸው ድስት ፉልና እንቁላል በልተው እንዲመጡ፣ ምሳም እንዳይዘሉ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ልከሳ ነው የመጣሁት ወይስ ልቀለብ?"

ጋሽ ታደሰም ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። "ደንበኛዬን ልታደልቢብኝ ነው?" አሉ። አንድ ወር ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ምግብ መጨመር በራሱ ማንንም አያከሳም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ቀን የበላ ሰው ግን ማታ ትሪው ላይ አይወድቅም፣ ስፖርቱንም በወጉ ይሠራል። እትዬ ሰአዳ የጨመሩ መሰላቸው እንጂ ሲደመር የሚበሉት ያነሰ ነበር።

ሚዛኑ መውረድ ጀመረ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን መያዝ ተዉ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው በመርፌ ቁልፍ ያጠቡት ነበር። ጋሽ ታደሰ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ "እሳቸውን እዩ" ይሉ ጀመር፤ አፍ ስለመዝጋት ያሉት ተረሳ።

አንድ ረፋድ እትዬ ሰአዳ መጡና ልብስ ሳይቀይሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ሰው ቀረብኝ" አሉኝ። "አንዱ ሾፌር ሻይ ቀድቼ ስሰጠው፣ ይቅርብኝ እትዬ፣ እግዜር ይማርዎት ብሎኝ ወጣ። ሳልታመም ይማርዎት አለኝ።"

ያን ጊዜ የከሳ ሰው ሁሉ ኤድስ ይዞታል ይባል ነበር። ስሙን እንኳ የሚደፍር የለም፤ "ያ በሽታ" ነው የሚባለው። ቀብር በዝቶ ስለነበር ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም ይሉኛል። እኔ ግን እፈርድበታለሁ። በሻይ ብርጭቆ የሚተላለፍ በሽታ አልነበረም።

"ይመርመሩና ውጤቱን ያሳዩዋቸው" አልኩ።

"ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ ፉል ልሽጥ? ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ቤት ነው።" ተነሡ። "መወፈሪያውን አታስተምሪኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ።"

ጂሙን ተዉት። ወራት ቆይቼ ልጠይቃቸው ስሄድ ቤቱ ጢም ብሏል፤ እሳቸውም እንደ ድሮው ወፍረዋል። ያው ሾፌር ፉሉን እያማሰለ "እትዬ ዳኑልን እኮ!" አለኝ። እትዬ ሰአዳ እኔን ሲያዩ ወደ ድስታቸው ዞሩ። ቁርስ በልተው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ዓይናቸው ጨልሞ ጠረጴዛውን ሲደገፉ አይቻለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ደም ግፊቱ ጣላቸው። ለቅሶ ስደርስ ሾፌሩ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

"ምን አገኛቸው?" አለ። "ደህና ወፍረውልን አልነበረም እንዴ?"

አልፌው ወደ ድንኳኑ ገባሁ። አፌን ብከፍት ለቅሶ ቤት የማይባል ነገር እናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልከሳ ብሎ የመጣን ሰው ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ምን እንደሚበላ፤ ቀጥሎ፣ ከስቶ ሲታይ ሰፈሩ ምን እንደሚለው። እናንተ አዲስ አሠልጣኞች ሁለተኛውን ትዘሉታላችሁ። አትዝለሉት።