ዛሬ ዱአውን አንተ አድርግ አሉኝ

ማክሰኞ፣ አሰላ። እስከ ረፋድ ሃያ ሦስት ኩንታል ስንዴ ከኢተያ ገብቷል።

መጋዘናችን ውስጥ የመጀመሪያው ጆንያ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ዱአ የሚያደርጉት አባቴ ናቸው። ዛሬ ገበሬዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ፣ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አንተ አድርግ» አሉኝ።

«ምነው አባ፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። ዱአዬን የሚሰማ መኖሩን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።» ለእኔ ብቻ ነው ያሉት፣ ቀስ ብለው።

በሃያ ዓመቴ ይህንኑ ስነግራቸው ሦስት ወር አላናገሩኝም። በኋላ ነገሩን የተውኩት ጥያቄው ስለተመለሰልኝ ሳይሆን ሥራ ስለበዛብኝ ነው። የእሳቸው እምነት ለሁለታችንም ይበቃል ብዬ ነበር።

«ኧረ ልጄ፣ ፀሐይ ወጣብን!» አሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ።

ዱአውን አደረግኩ፤ ግማሹ ጠፋኝ። ሁሉም «አሚን» አሉ፣ አባቴም ከሁሉም ዘግይተው። ስንዴ ነክሼ እርጥበቱን እለያለሁ፤ የሳቸውን አሚን ግን መለየት አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አልቻልኩም።

ምን ልበላቸው? እናንተስ ወላጅ እንዲህ ብሏችሁ ያውቃል? «ፌስቡክህ ላይ ጠይቅልኝ» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ነገ ጠዋት ሲሬ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ የሚኖረውን፣ በልጅነት ቁርኣን አብሯቸው የቀራውን ጓደኛቸውን ስለዚሁ መጠየቅ ይፈልጋሉ።